የፒሶ ትንፋሽ

ፒሶ የሞተው ሐሙስ ማለዳ፣ የቤቱ እመቤት ሎርሊን ወደ ማንጎ ማሸጊያው ሥራዋ ልትወጣ ስትል ነው። ሰው ሁሉ ማናንግ፣ ታላቅ እህቴ፣ የሚላቸው የማዘጋጃ ቤቷ ሬሜ ከጀልባ ሲወርዱ ሬሳው ከቀርከሃው ደረጃ ሥር፣ በሙዝ ቅጠል ላይ ተጋድሞ ጠበቃቸው። ከአንድ ኮኮናት እምብዛም የማይከብድ ቺዋዋ ውሻ ነው። እግሮቹ ተዘርግተው ደርቀዋል፣ ምላሱ በጥርሶቹ መሃል ወጥቷል፣ አገጩን ጉንዳን ወርሮታል።

«በእጁ የነካው ሰው አለ?» አሉ ማናንግ ሬሜ፣ ቦርሳቸውንና በረዶ የተሞላውን ሳጥን አሸዋው ላይ እያስቀመጡ።

«ልጁ ነክቶታል» አለ አባወራው አርኑልፎ። «አቅፎት ነው ያደረው። ሲሞትም አቅፎት ነበር።»

ከቤቱ ውስጥ፣ ከቀርከሃ ከተጠለፈው ግድግዳ ኋላ፣ የሰባት ዓመቱ የኤልማር ትንፋሽ ይሰማል። ሲገባ ያፏጫል፣ ሲወጣ ይጎተታል። የዚያ ቤት ሰዎች ይህን ድምፅ ሲሰሙ ወደ መሬት ማየት ለምደዋል፤ ሌላ የሚያደርጉት ነገር ስለሌላቸው ነው።

የመንደሩ ሹም ለማዘጋጃ ቤቱ የደወለው «ውሻ እየተንቀጠቀጠ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ ሞተ» ብሎ ነው። በእኛ ደሴት እንዲህ ያለ ወሬ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የእብድ ውሻ በሽታን ነው። ያ ከሆነ ፒሶን ያቀፈ ሁሉ መርፌ መወጋት፣ የውሻውም ጭንቅላት ተቆርጦ በበረዶ ወደ ኢሎኢሎ ከተማ ለምርመራ መሄድ አለበት። ማናንግ ሬሜ የተላኩት ለዚህ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ውሻ ሲከትቡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የሰው ስም ይረሳሉ እንጂ የውሻ ስም አይረሱም። «የማን ልጅ ነህ?» ከማለት «የብራውኒ ቤት ልጅ አይደለህም?» ማለት ይቀናቸዋል። መንደርተኛው በዚህ ይስቅባቸዋል። ይሁን እንጂ አሳማ የተመረዘበት፣ ፍየል የጠፋበት ሰው ከፖሊስ በፊት የሚጠራው እሳቸውን ነው።

ተንበርክከው ውሻውን አዩት። ድዱን ገለጥ አደረጉ፣ ሆዱን ዳሰሱ፣ አፉን አሸተቱ። ጉንዳን ሬሳ ሲያገኝ ከዓይን ይጀምራል፤ እነዚህ ግን ዓይኑን ትተው አገጩና ደረቱ ላይ ተኮልኩለዋል። የአገጩ ፀጉር እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ መልኩም ወደ ብርቱካን ያደላል። ማናንግ ሬሜ ጓንት ባጠለቀ ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«መጋቢት ላይ እኔው ነኝ የከተብኩት። ትናንት ውሃ ጠጥቶ ነበር?»

«ውሃ ብቻ ነው የጠጣው» አሉ የአርኑልፎ እናት፣ አያት ስለሆኑ ሎላ የሚባሉት ፓሲንግ፣ ከደረጃው ላይ። «ሦስት ጊዜ ሞላሁለት፣ ሦስቴም ጨረሰው። ምግብ ግን አልቀመሰም።»

«እንግዲያው እብደት አይመስለኝም። ያበደ ውሻ ውሃ መዋጥ አይሆንለትም። ለጥንቃቄ መመርመሩ አይቀርም፤ በዚህ በኩል ግን እንቅልፍ አትጡ።»

አርኑልፎ በረዥሙ ተነፈሰ። እናቱ ግን አልተነፈሱም። ምራታቸውን ሎርሊንን ትክ ብለው እያዩ «በሽታ ካልሆነ መርዝ ነዋ» አሉ።

ሎርሊን ዞራ ባሕሩን አየች።

ማናንግ ሬሜ ጓንታቸውን አወለቁ። ሥራቸው እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ነገር ግን መርዝ ከሆነ የተረፈው የት ነው ያለው? ያ መተንፈስ ያቃተው ልጅ በሚኖርበት፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ።

«ሳላገኘው አልሄድም» አሉ። «ጀልባውም ቢሆን ጥሎኝ ሄዷል።»

የባሕሩ ውሃ እንደ ዕለት ልማዱ ከዳርቻው እየሸሸ ነበር፤ የሚመለሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። የአርኑልፎ ጀልባ ጭቃው ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ እስከ እኩለ ቀን ማንም ከዚያ ዳርቻ ወዴትም አይሄድም።

የፒሶን አመጣጥ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከስምንት ወር በፊት፣ ኤልማር ለሦስተኛ ጊዜ ታፍኖ ክሊኒክ ከተወሰደ በኋላ፣ ሎላ ፓሲንግ ወደ ኢሎኢሎ ተሻግረው ከዘመድ ቤት ይዘውት መጡ። ለመድኃኒት የሚመጣ እንስሳ በነፃ አይወሰድምና ለምልክት አንድ ፒሶ ሳንቲም ሰጡ፤ ስሙም እዚያው ወጣ። ነገሩ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው። ቺዋዋ ከአስመኛ ልጅ ጋር ከተኛ በሽታውን ቀስ በቀስ ይስብለታል፣ ውሻው ዕድሜውን ጨርሶ ሲሞትም በሽታው አብሮት ይቀበራል። እኔም በልጅነቴ ከእንዲህ ያለ ውሻ ጋር ተኝቻለሁ፤ ያተረፍኩት ቁንጫ ነው።

የክሊኒኩ ሐኪም የተናገረው ተቃራኒውን ነበር። ልጁ የውሻ አለርጂ አለበት፤ ፀጉሩ፣ ምራቁ፣ ከቆዳው የሚረግፈው ብናኝ ሁሉ ደረቱን ይዘጋዋል፤ ውሻው ከቤት ይውጣ አለ። ሎርሊን ይህን ሰምታ ስትመለስ ልጇ ፒሶን አንገቱ ሥር ሸጉጦ ተኝቶ አገኘችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማትና ምራት ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሎርሊን ምንጣፉን በፈላ ውሃ ትቀቅላለች፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፣ ውሻውን ቅዳሜ ቅዳሜ ታጥባለች፣ ማታ ወደ ውጭ ታወጣዋለች። ሎላ ፓሲንግ እሷ ስትተኛ ጠብቀው መልሰው ያስገቡታል። ከፋሲካ ወዲህማ መነጋገሩም ቀርቷል። በአንድ ድስት የበሰለ ሩዝ እየበሉ «ለሚስትህ ንገራት»፣ «ለእናትህ ንገራቸው» ይባባላሉ።

ማናንግ ሬሜ ከሎላ ፓሲንግ ጀመሩ።

«ናናይ ፓሲንግ» አሉ፣ እናቴ እንደ ማለት፣ «ማንን ነው የሚጠረጥሩት?»

«የሚጠረጥር የማያውቅ ሰው ነው። እኔ አውቃለሁ። ሂጂና የሩዙን ጣሳ ክፈቺ።»

ከፈቱት። ከክዳኑ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የአይጥ መርዝ ነበር። ማናንግ ሬሜ ወደ ብርሃን አውጥተው ዙሪያውን አገላብጠው አዩትና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«መቼ አገኙት?»

«ሰኞ።»

«ልጅ ባለበት ቤት መርዝ አይተው እስከ ዛሬ ዝም አሉ?»

«ማንን ልጠይቅ?» አሉ አሮጊቷ። «ደግሞ ፒሶ ሥራውን እየሠራልን ነበር። ከአሥር ቀን ወዲህ ማለክለክ ጀምሯል። ልቡ፣ አንቺ፣ በደረቱ ላይ ስትዘል በዓይን ትታያለች። ቶቶ ኤልማርን ጠርቼ ‹አየህ፣ ያንተን በሽታ ወሰደልህ› አልኩት።»

«ምን አለ?»

«አለቀሰ። ልጅ አይደል።»

«መድኃኒቱን ማነው የሚሰጠው?»

«ጠዋትና ቀን እኔ፣ ማታ እሷ። በክዳኑ ለክቼ እሰጠዋለሁ፣ ይመራል እያለ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ይጠጣል። ባዶውን ይመልሳል። እንደሱ የማያስቸግር ልጅ የለም።»

«ሲውጥ ያዩታል?»

«ባዶ ክዳን እያየሁ ምኑን ነው የማየው?»

ሎርሊን ከቤቱ ኋላ፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ቆማ ነበር። የመርዙን ጥቅልል ስታይ አልካደችም።

«ገዛሁት። ቅዳሜ ነው የገዛሁት። እሑድ ጠዋት ሩዝ ላይ ልበትንለት ተቀመጥኩ። መጥቶ ጅራቱን ቆላልኝ፣ እጄን ላሰኝ። አልቻልኩም፣ ማናንግ። ልጄን እየገደለብኝ እንኳ አልቻልኩም።»

«አምንሻለሁ። ማሸጊያው አልተቀደደም» አሉ ማናንግ ሬሜ። «የልጁን መድኃኒት አሳዪኝ።»

ሳንባ የሚከፍተው ሽሮፕ ብርቱካንማ ነው። በጠርሙሱ ላይ በቀጭን እስክሪብቶ መስመሮች ተሰምረዋል፤ ሎርሊን በየማታው የቀረውን ታሰምራለች፣ የአንድ ቀን ልክ ከአንድ ቀን ልክ እኩል ነው። የመጨረሻው ክፍተት ግን ሰፊ ነው።

«ይሄኛውስ?»

«የትናንት ነው። ረቡዕ ከሰዓት አፍኖት ነበር አሉኝ። አማቴ ደጋግመው ሰጥተውት ይሆናል።»

«ጠየቅሻቸው?»

«አንነጋገርም እኮ።»

ማናንግ ሬሜ ወደ ደረጃው ተመልሰው ሎላ ፓሲንግን ጠየቋቸው። «እኔ? ከልኩ ጠብታ አልጨመርኩም» አሉ አሮጊቷ። «የጎደለውንማ ማታ ሳየው፣ ከሥራ መጥታ እሷ የጨመረችለት ነው የመሰለኝ።»

ማናንግ ሬሜ ክዳኑን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩት። ከጠርዙ ላይ ጥቃቅን፣ እንደ መርፌ ጫፍ የሾሉ ጥርሶች ያሳረፏቸው ጭረቶች አሉ።

አርኑልፎ ጀልባው ላይ ተቀምጦ የቆመውን ሞተር ይወለውላል። ማክሰኞ ማታ «እኔው እገላግላችኋለሁ» ብሎ እንደ ጮኸ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል።

«ልትገላግል የነበረው እንዴት ነው?»

«ወደ ማዶ ወስጄ ልተወው ነበር። ትናንት ጠዋት ወሰድኩትም። ከማዶ ወደብ አስቀምጬው ሞተሩን ሳስነሳ ዘሎ ባሕር ውስጥ ገባ። ያቺን የምታክል ነገር ማዕበል ውስጥ ራሷን ቀና አድርጋ ስትዋኝ... ምን ላድርግ? አወጣሁት።» ጨርቁን አጣጠፈ። «ማናንግ፣ በዚህ ቤት የሚታዘዘኝ ሞተሩ ብቻ ነው። እሱም አንዳንድ ቀን።»

«ባሕሩ ውስጥ ሲገባ አገጩም ታጥቧል ማለት ነው?»

«ሙልጭ ብሎ ነዋ። ለምን?»

«እንዲያው ነው» አሉና አለፉ።

የቀሩት ጎረቤቱ ማኖንግ፣ ማለትም ታላቅ ወንድም፣ ኢስኮ ነበሩ። ተዋጊ ዶሮ የሚያረቡ፣ ስልሳ ያለፋቸው ሰውዬ፤ ባለፈው ሳምንት ፒሶ የምርጥ ዶሯቸውን ጅራት ነጭቶ ሸሽቷል። በእጃቸው መድኃኒትም መርዝም እንደማይጠፋ ማናንግ ሬሜ ያውቃሉ።

«ነይ፣ ነይ» አሉ ኢስኮ ዶሮ ታቅፈው። «ካቴናሽን አምጥተሻል? በሕይወቴ የተመኘሁትን ሰው ሠራልኝ፤ የማን እጅ እንደሆነ ንገሪኝና ላመስግነው።»

«አንተ ብትሆን ውሻውን ከመግደልህ በፊት መንደሩን ሰብስበህ ትፎክራለህ እንጂ በስውር አትሠራም።»

«አወቅሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ? ጠላቴ ቢሆንም ይናፍቀኛል። እሱና ያ ልጅ እኮ የሚያስቁ ጠጪዎች ነበሩ።»

«ጠጪዎች?»

«በየጠዋቱ ከዚህ ሆኜ አያቸዋለሁ። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ቁጭ። እኛ ማታ ማታ በአንድ ብርጭቆ እየተቀባበልን እንደምንጠጣው የለም? ቶቶ ያችን ክዳኑን ይዞ ፉት ይላል፣ ከዚያ ‹ተራህ ነው፣ ጓዴ› ብሎ ለውሻው ይሰጠዋል። አባቱ ከእኛ ጋር ሲጠጣ አይቶ ነው የተማረው። እየቆየ ግን ራሱ መጠጣቱን ተወ መሰለኝ። ሳየው ቀጂ ብቻ ሆኗል። ጎበዝ ቀጂ ይወጣዋል አልኩ ለራሴ።»

ኢስኮ ሳቁ። ማናንግ ሬሜ አልሳቁም። ወደ ቤቱ ተመልሰው ጎንበስ አሉና ከደረጃው ሥር፣ በቀርከሃው ክፍተት ፈሳሽ ቢፈስ የሚያርፍበትን አሸዋ አዩ። አንድም ጉንዳን የለም። ያ ልጅ መድኃኒቱን አልደፋውም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ።

ኤልማር ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ተኝቶ መተንፈስ አልቻለም። ትከሻው ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፣ የአንገቱ ጉድጓድ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከጎኑ ያለው ምንጣፍ ላይ የፒሶ ፀጉር እንዳለ ነው። ማናንግ ሬሜ ምንጣፉን ጠቅልለው በመስኮት አወጡት፤ ሌላ ከእጃቸው የሚወጣ ነገር ስላጡ ይመስለኛል።

«ቶቶ ኤልማር፣ እጅህን ዘርጋልኝ።»

ዘረጋ። ቀጥ ያለ፣ የማይንቀሳቀስ ትንሽ እጅ። የማናንግ ሬሜ የልጅ ልጅም ያንኑ ሽሮፕ ትጠጣለች። በጠጣች ቁጥር ጣቷ እየተንቀጠቀጠ እርሳስ መያዝ ያቅታታል። ሐኪሙ «አትደንግጡ፣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ ያልፋል» ብሏቸዋል። መንቀጥቀጥ የነበረበት እጅ ረግቷል፤ የተንቀጠቀጠው ሌላ ነው።

«ፒሶን በጣም ትወደው ነበር አይደል?»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ለመናገር ትንፋሽ ማጠራቀም ነበረበት።

«ማናንግ... የኔን በሽታ... ወሰደብኝ እኮ። ታመመልኝ።»

«አንተስ ምን አደረግክለት?»

«መድኃኒቱን... ሰጠሁት። በሽታው እሱ ጋ... ስለሄደ። መጀመሪያ... ተካፈልን። ሲብስበት... ሁሉንም ሰጠሁት። የማታውንም... በአፌ ይዤ። ትናንት... በጣም ሲያለከልክ... ማንም ሳያየኝ... አራቴ ቀዳሁለት።» ዓይኑን ወደ ማናንግ ሬሜ አነሳ። «አንሶት ነው... የሞተው?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ውሻቸው ለሞተባቸው ሕፃናት የሚሉት ነገር አጥተው የማያውቁት ሴት፣ የልጁን ፀጉር ዳሰስ አደረጉና ተነስተው ወጡ። እውነቱን ቢነግሩት ጓደኛውን የገደለው ያ ሽሮፕ ነው ማለት ነው። ይህን የሰማ ልጅ ደግሞ ያንን ሽሮፕ ዳግመኛ በአፉ አያዞርም። ካልጠጣ ባሕሩ እስኪመለስ መቆየቱን እንጃ።

አራቱንም ጠርተው ከባሕሩ ዳር፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ሰበሰቧቸው። የቤቱ ግድግዳ ወንፊት ነው፤ እዚያ አይወራም። ሎርሊን ጠርሙሱን እንደያዘች መጣች። ሎላ ፓሲንግ ከሥሩ ላይ ተቀመጡ። አርኑልፎ በመሃላቸው ቆመ፣ እንደ ልማዱ። ማኖንግ ኢስኮም ዶሯቸውን እንደታቀፉ መጡ።

«ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ ልጁ እየጠበቀ ነው» አሉ ማናንግ ሬሜ። «ፒሶን የአይጥ መርዝ አልገደለውም። የሎርሊን ጥቅልል አልተከፈተም። ሰኞ ያዩት ናናይ ፓሲንግም፣ ውሻው ከሞተ ለማን ይጠቅማል ስንል መልሱ እሳቸው ጋር ሊያመጣን ቢችልም፣ አልነኩትም።»

«እኔ?» አሉ ሎላ ፓሲንግ።

«ውሻው ሲሞት በሽታው አብሮት ይሄዳል ያሉት እርስዎ ነዎት። ግን ዕድሜውን ጨርሶ ነው መሞት ያለበት፤ የተገደለ ውሻ በሽታ አይወስድም። ስለዚህ እርስዎ አይደሉም። አርኑልፎም ሊጥለው ወስዶ ራሱ ከባሕር አውጥቶታል። ኢስኮን እንለፈው።»

«አመሰግናለሁ» አሉ ኢስኮ።

«አሁን ጉንዳኖቹን እንያቸው። ዓይኑን ትተው አገጩ ላይ ነበሩ፣ ምክንያቱም አገጩ ላይ ስኳር አለ። ብርቱካንማ፣ የሚያጣብቅ ስኳር። ትናንት ጠዋት ባሕሩ ውስጥ ሙልጭ ብሎ ታጥቧል፤ ስለዚህ ያ ነገር አገጩ ላይ የፈሰሰው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ቤት ብርቱካንማ ጣፋጭ ፈሳሽ አንድ ብቻ ነው።»

ሎርሊን እጇ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ አየች።

«ክዳኑ ላይ የውሻ ጥርስ አለ። ጠርሙሱ ረቡዕ ዕለት ከልኩ በላይ ጎድሏል። ኢስኮ ሁለቱን በአንድ ጽዋ ሲቀባበሉ አይቷል፣ አንደኛው መጠጣት ሲተውም አይቷል። የልጁ እጅ አይንቀጠቀጥም፣ የውሻው አካል ግን ተንቀጠቀጠ። ይህ መድኃኒት በልኩ ለልጅ ትንፋሽ ነው። ኮኮናት ለሚያክል ውሻ ግን የልጅ ልክ ጎርፍ ነው። ልብን ያስጋልባል፣ ያስጠማል፣ ያስለከልካል።»

ማናንግ ሬሜ እዚህ ላይ ቆሙ። የቀረውን ለመናገር አሮጊቷን ማየት ስላልፈለጉ ባሕሩን አዩ።

«ውሻው ያለከለከው መድኃኒቱን ስለጠጣ ነው። ሲያለከልክ ‹በሽታህን ወሰደልህ› ተባለ። ልጁም በሽታው የሄደበት ጓደኛው መድኃኒት ያስፈልገዋል ብሎ ጨመረለት። በጨመረለት ቁጥር ውሻው ባሰበት። በዚያው ልክ ልጁ ያለ መድኃኒት፣ አፍንጫውን የውሻ ፀጉር ውስጥ ቀብሮ ያድር ነበር። አሁን ታፍኖ ያለው በዚህ ነው።»

ከቤቱ ፉጨቱ ይሰማል።

«እሷ የጨመረችለት መስሎኝ ነበር» አሉ ሎላ ፓሲንግ፣ ለማንም ሳይሆን።

«እኔም እርስዎ የሰጡት መስሎኝ...» ሎርሊን ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቷን በዓይኗ እያየች ተናገረች፣ ግን አልጨረሰችውም።

«ትናንት ማታ አንዳችሁ አንዳችሁን ብትጠይቁ ኖሮ» አሉ ማናንግ ሬሜ። ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ቁጣው ግን ከአፋቸው ሳይወጣ ሞተ። «ለልጁ ይህን ማንም አይነግረውም። ሽሮፑን መፍራት የለበትም። ፒሶ ልቡ ደካማ ነበር በሉት። አሁን አንድ ልክ ይጠጣ። ባሕሩ እንደተመለሰ ወደ ክሊኒክ እንወስደዋለን።»

አርኑልፎ ጭቃው ላይ የተኛችውን ጀልባውን አየ። «ሁለት ሰዓት ይፈጃል» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ብገፋትስ?» አለ። ስምንት ሰው የማያነቃንቃት ጀልባ ናት።

ተያይዘው ወደ ቤት ወጡ። ሎላ ፓሲንግ ደረጃው ላይ ሲደርሱ ሎርሊን ክንዳቸውን ያዘች።

ኤልማር እንደተቀመጠ ነው። ሎርሊን ክዳኑን አጥባ፣ እስከ ልኩ ሞልታ አቀረበችለት። ልጁ አልተቀበላትም። ክዳኑን አየው፣ ከዚያ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ። ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ከቤት ርቀው ሲያወሩ ስለ ማን እንደሚያወሩ የማያውቅ በሽተኛ ልጅ የለም።

«ማናንግ» አለ። ትንፋሹን ጠበቀ። «እኔ... ጠጥቼው ቢሆን ኖሮ... ፒሶ አይሞትም ነበር?»

ማናንግ ሬሜ አፋቸውን ከፈቱ። «ልቡ» ብለው ጀመሩ፣ ግን ከዚያ ማለፍ አልቻሉም።

«ጥፋቱ የኔ ነው ቶቶዬ» አሉ ሎላ ፓሲንግ። ፊታቸውን በቀሚሳቸው ሸፍነው ያለቅሱ ነበር። «አንተ ምንም አላጠፋህም። ያንን የነገርኩህ እኔ ነኝ።»

ልጁ አያቱን አየ። የተናደደም የተጽናናም አይመስልም፤ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚፈልገው። እጁን ዘርግቶ ክዳኑን ከእናቱ ተቀበለ። ከልማድ የተነሳ ወደ ደረጃው ዞር አለ፣ ደረጃው ባዶ መሆኑን አይቶም ተመለሰ።

እዚያው በመሃላቸው ተቀምጦ፣ በሁለት ጉንጭ፣ ጨረሰው። ከዚያ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ምላሱን አንስቶ፣ መዋጡን ለሁሉም አሳያቸው። ማንም እንዲያሳይ አልጠየቀውም ነበር።